ሳይመረቅ መቅዳት ክልክል ነው

በጋዜጠኝነት ያረጀ ሰው ስብሰባን ገና በወንበሩ ያውቀዋል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ የተጠራን ዕለት፣ ወንበሮቹን ሁሉ ነጭ ልብስ አልብሰው፣ ወገባቸውን በሰማያዊ ጨርቅ አስረው ጠበቁን። ሰማያዊው ውሃ መሆኑ ነው። ከመድረኩ ጀርባ «ወጣቶች ለዓለም አቀፍ ንጹህ ውሃ ተደራሽነት» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። መስመሩ ስላልበቃ «ተደራሽ» ከላይ ቀርቶ «ነት» ለብቻዋ ታች ወርዳለች። አዘጋጆቹ ቀኑን ሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተውት ስለዋሉ ያዩት አይመስለኝም።

የጠራን ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ድርጅት ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ እንዲህ ያለ ድርጅት የሚያውቅ አንባቢ የራሱን ይተካበት። በምሥራቅ ጎጃም ካሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የውሃና ንጽህና ክበብ አባላትን ሰብስቦ፣ በዓለም ላይ ንጹህ ውሃ ስላጡ ሰዎች ግንዛቤ ሊያስጨብጣቸው ነበር። «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚለውን ሐረግ በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ እንደጻፍሁት አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ልጆቹን እያየሁ ብዕሬ ቆመ። እኩሌቶቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። እጃቸው አንደኛ ክፍል ሳይገባ የጀሪካን እጀታ ጨብጧል። አሁን ደግሞ በመኪና የመጣ ሰው ውሃ ማጣት ምን እንደሆነ ሊያስጨብጣቸው ነው።

አስተባባሪው ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ጫማው ንጹህ ነው፤ ድምፁም ጥሩ ነው።

«ውሃ ምንድን ነው?» አለ ማይክራፎኑን ወደ ልጆቹ ዘርግቶ።

«ውሃ ሕይወት ነው» አለ ከፊት የተቀመጠ ተማሪ።

«አጨብጭቡለት። ሌላስ?»

ሁለተኛው ተማሪ ግራ ቀኙን አየ። «ውሃ ሕይወት ነው» አለ እሱም።

ለእሱም ተጨበጨበለት። ከዚያ መብራቱ ጠፍቶ የሌሎች አገሮች ሥዕል በግድግዳው ላይ ታየ፤ የተሰነጠቀ መሬት፣ የደረቀ ጉድጓድ፣ በአሸዋ ላይ የምትሄድ ሴት። ሥዕሎቹ እውነተኛ ናቸው፤ በእነሱ አልቀልድም። የታከተኝ፣ እነዚያን ልጆች ስለ ሩቁ አገር ጥማት አሳስቦ የእነሱን ግን ማንም አለመጠየቁ ነው። «እናንተ ከየት ነው የምትቀዱት?» የሚል ሰው እስከ ሻይ ሰዓት ድረስ አልተገኘም።

በሻይ ሰዓት ለፎቶ ወደ ግቢው ወጣን። አምስት አዳዲስ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ የሱቁ ወረቀት ገና አልተላጠላቸውም። አስተባባሪው ልጆቹን አሰለፈና «እንደከበዳችሁ ሁኑ፣ ጎንበስ በሉ» አላቸው። ልጆቹ ጎንበስ አሉ። አንዲት ረጅም፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ግን ጀሪካኗን በአንድ ጣቷ አንጠልጥላ ቀጥ ብላ ቆማለች።

«አንቺ፣ እህቴ፣ በጀርባሽ አድርጊው እንጂ» አላት።

«ባዶ ነዋ።»

«አውቃለሁ። ለፎቶ ነው።»

«ባዶ ጀሪካን የሚያዝል ሰው የለም። ያየ ሰው ይስቃል።»

«ማን ያየዋል? የሚያዩት ውጭ አገር ያሉ ናቸው።»

ልጅቱ ጀሪካኗን ከፍ አደረገች። «እነሱስ ባዶ ያዝላሉ?» አለች።

ልጆቹ ሳቁ። አስተባባሪውም መሳቅ እንዳለበት ገብቶት ሳቀ። ከሰልፉ ውስጥ አንዱ «እንግዲያ ውሃ ይጨመርበትና እንጎነበሳለን» ሲል፣ ሁለት ልጆች ጀሪካኖቹን ይዘው ወደ ሆቴሉ ቧንቧ ሄዱ። ወዲያው ተመለሱ። ለዚያ ሰፈር የውሃ ተራው በማግስቱ ነበር። ፎቶው በባዶ ጀሪካን ተነሣ። ይህን ያሳመርሁት እንዳይመስል እላለሁ፤ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እንዳለ አለ።

ፎቶው እንዳበቃ ያቺ ረጅሟ ልጅ ሻይ ወደምጠጣበት ጥግ መጣች።

«ጋሼ፣ ጋዜጠኛ ነዎት?»

«ነኝ።»

«የእውነት ነው ወይስ የእነሱ?»

«ከእነሱ ጋር አልመጣሁም።»

«እንግዲያ አንድ ነገር ልንገርዎት። የሚጻፍ ከሆነ ይጻፉት፤ የማይጻፍ ከሆነ ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ።»

መንደሯ ከየጁቤ ወዲያ በእግር የሚኬድ ነው። እዚያ ብዙ ዓመት ተበላሽቶ የኖረ የእጅ ፓምፕ አለ። ጥምቀት እንዳለፈ እሷ ጸሐፊ የሆነችበት የትምህርት ቤቱ ክበብ የወረዳውን ባለሙያ ለምኖ አመጣ። ልጆቹ ከባለሙያው ጋር ሆነው ፓምፑን ፈቱት፤ ብረቱን ከጉድጓዱ ስበው አወጡ፤ ያለቀውን ጎማ ቀየሩ፤ የተሰበረውን አስበየዱ። ውሃ መጣ። ባለሙያው ናሙና ወስዶ አስመረመረና ለመጠጥ ይሆናል አለ። ወረቀቱን ከደብተሯ ውስጥ አውጥታ ሰጠችኝ። ቀን አለው፤ ማኅተም አለው፤ ፊርማ አለው። እዚህ ላይ ጉዳዩ አልቋል። አንድ መንደር ውሃ አጥቶ ነበር፤ ወጣቶች መፍቻ ይዘው ሄዱ፤ መንደሩ ውሃ አገኘ።

ከዚያ በኋላ ነው ድርጅቱ የሰማው። መጣ፤ ፓምፑን አጠረው፤ በሲሚንቶ አስጌጠው፤ ሰሌዳ አቆመለት፤ ቆለፈው። ከውጭ የሚመጡ እንግዶች እስኪመርቁት ድረስ አይነካም ተባለ። እንግዶቹ ከዐቢይ ጾም በፊት ይመጣሉ ተባለ፤ አልመጡም። በጾሙ እኩሌታ ተባለ፤ አልመጡም። አሁን ከፋሲካ በኋላ ነው እየተባለ ነው። የመንደሩ ሴቶች በተጠገነ ፓምፕ አጠገብ እያለፉ ገደል ወርደው ከወንዝ ይቀዳሉ። እናቷ በዚያ ቁልቁለት ተንሸራትተው ወገባቸውን ተጎዱና ተኙ። ከእሷ በታች ያሉት ሁለት ልጆች ሙሉ ጀሪካን ይዘው ያንን ዳገት አይችሉም። ፓምፑ ቢከፈት ግን ደጃፍ ነው፤ እነሱም ቢሆኑ በግማሽ በግማሽ ጀሪካን ያመላልሱታል።

«ስለዚህ እኔ እቀዳለሁ» አለች። «ከትምህርት ቤት ከቀረሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። እስከ ሰኞ ካልተመለስሁ ስሜ ከተፈታኞች ዝርዝር ይወጣል። ርእሰ መምህሩ ከዚህ በላይ አልችልም ብሏል። ዛሬ የመጣሁት ጎረቤት እቀዳላቸዋለሁ ስላለችኝ ነው። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ያለኝ ይኸው ነው።»

«ለአስተባባሪው ነግረሽዋል?»

«ነግሬዋለሁ። ‹ታሪክሽ ልብ ይነካል› አለኝ። በምረቃው ቀን ለእንግዶቹ እንድናገረው ጠየቀኝ።»

ሻዬን አስቀምጬ ወደ ሰውየው ሄድሁ።

«ፓምፑ ውሃ ይሰጣል?» አልሁት።

«በሚገባ ይሰጣል፣ ጋሼ።»

«ውሃው ተመርምሯል?»

«ተመርምሯል። ንጹህ ነው።»

«ታዲያ ለምን ተቆለፈ?»

«ተቆለፈ አይባልም። ምረቃ እየጠበቀ ነው።»

«ቁልፍ አለው ወይስ የለውም?»

«አለው።»

«ቁልፍ አለው» ብዬ ጻፍሁ።

«እንደሱ ብቻ አይጻፉት እንጂ ጋሼ። ሥርዓት አለው። ፕሮጀክቱ የሚዘጋው ፓምፑ ሲከፈት ነው፤ ፓምፑ የሚከፈተው ደግሞ እንግዶቹ ሲመጡ ነው። ወጣቱ የሠራውን ዓለም ይይለት ነው የምንለው።»

«ሴቶቹ እስከዚያ ከየት ይቅዱ?»

«ከዚህ በፊት ከሚቀዱበት» አለ።

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል። ይህኛው ግን ውሃ ማጣትን ከስብሰባ በቀር የትም አላገኘውም። ጠዋት ቧንቧ ከፍቶ ፊቱን ታጥቦ ይወጣል፤ ቧንቧው ባይመጣ የታሸገ ያስገዛል። ሳምንት መዘግየት ለእሱ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። ከእሱ ጋር ከዚህ በላይ መነጋገር ጊዜ ማባከን ነበርና ተውሁት።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ የጁቤ ገባሁ፤ ከዚያ በእግሬ ሄድሁ። ያላየሁትን ነገር አልጽፍም፤ ይህ ልማዴ ነው። ፓምፑን ከሩቅ አየሁት፤ በትክክል ለመናገር ከሩቅ ያየሁት ሰሌዳውን ነው። ሰሌዳው ከፓምፑ በቁመትም በወርድም ይበልጣል። የድርጅቱ ዓርማ፣ ሦስት ስሞች፣ የእጅ መዳፍ ላይ የተቀመጠ የውሃ ጠብታ፤ ከታች ደግሞ በቀይ፦ «ሳይመረቅ መቅዳት በጥብቅ ክልክል ነው።» ክበቡን የሚጠቅስ ቃል የለም። በአጥሩ ውስጥ ሣር በቅሏል።

የልጅቱ እናት ቤታቸው ውስጥ መደብ ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። ልነሣ ሲሉ ከለከልኋቸው። የመደቡ ፊት ለፊት በሩ ነው፤ በበሩ ፊት ለፊት የፓምፑ አጥር።

«ይታይዎታል?» አልኋቸው።

«ምን ሌላ አያለሁ? ቀኑን ሙሉ እሱን ነው የማየው» አሉ። «ሰው ሲታሰር አይቻለሁ። በሬም ይታሰራል። ውሃ ታስሮ ግን ያየሁት ዘንድሮ ነው።»

ልጅቱ ጀሪካኗን ስታነሣ አብሬያት ወረድሁ። ሰዓቴን አይቼ ተነሣሁ። መንገዱ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ፣ በከብት ኮቴ የተፈረፈረ ቁልቁለት ነው። ወንዙ በበጋው ሳስቶ በድንጋይ መሐል ይንጠባጠባል፤ ከላይ ከብት ይጠጣል፤ ከታች ሰው ይቀዳል። ልጅቱ በጣሳ እየጨለፈች ሞላች፤ በገመድ አዘለችው፤ አሁን ጎንበስ አለች። ስንመለስ ሰዓቴን ደግሜ አየሁ፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሄዷል። በቀን ሦስት ጊዜ ትመላለሳለች። በሦስት አባዛሁት፤ ለትምህርት የሚተርፍ ነገር አጣሁ።

ቁልፉ ያለው የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዘንድ ነው። ስድሳን ያለፉ ገበሬ ናቸው፤ ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረውታል።

«ፈርሜያለሁ» አሉኝ ገና ሳልጠይቃቸው። «ፊርማዬ ባይኖርበት በድንጋይ እሰብረው ነበር።»

«ምን ብለው አስፈረሙዎት?»

«ለታችኛው ጎጥም ሁለተኛ ጉድጓድ እናስቆፍራለን ብለዋል። ይኸኛው ሳይመረቅ ከተነካ ያኛው ይቀራል። እኔ የላይኛውን አጠጥቼ የታችኛውን ባስቀርበት፣ ከማን ጋር ልኖር ነው? ለቅሶዬ ላይ ማን ይቆማል?»

ወረቀቱን ለማየት ጠየቅኋቸው። ከፌስታል አውጥተው ሰጡኝ። አንድ ገጽ ናት። ስለ ጥበቃ፣ ስለ ንጽህና፣ ስለ ዓርማው አያያዝ ይዘረዝርና መጨረሻው ላይ «ፓምፑ ሳይመረቅ ለአገልግሎት አይከፈትም» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ቀን የለም። እንግዳ የለም። ሥነ ሥርዓት የሚል ቃል የለም። ልጅቱ በትከሻዬ በኩል አብራኝ አነበበችው።

«አያ» አለቻቸው፣ «ማን እንደሚመርቀው እኮ አይልም።»

«ታዲያ ማን ሊመርቀው ነው? አንቺ?»

«እኔማ ማን ነኝ። የኔታ አሉ አይደል?»

ሰብሳቢው እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ቁልፉን በጣታቸው ዳሰሱት። «እሳቸው ይመረቃል ካሉ እከፍታለሁ» አሉ፤ እንዳሉትም ወዲያው የተቆጩ መሰሉ።

የኔታ ከመንደሩ በላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ያስተምራሉ። ደብረ ወርቅ የተማሩ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ያልደከመ ሽማግሌ ናቸው። ከሰብሳቢው ጋር ሦስታችን ስንደርስ ተማሪዎቻቸው በየጎጇቸው በር ላይ ተቀምጠው በቃል እየደገሙ ግስ ይቀጽላሉ። ልጅቱ ነገሩን ከመጀመሪያው አንሥታ ነገረቻቸው። የኔታ ወረቀቱ ይነበብልኝ አሉ። አነበበችላቸው። ድገሚው አሉ። ደገመችው።

«‹ሳይመረቅ› ነው የሚል?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«ከአዲስ አበባ የመጡት ናቸው።»

«የእኔ ተማሪ ቢሆን ኖሮ ይኸን ግስ እስኪያውቅ አላስተኛውም ነበር» አሉ። «ምርቃትና ምረቃ ስማቸው ሁለት ነው። አንዱ የሽማግሌ ነው፤ አንዱ የሹም ነው። ግሳቸው ግን አንድ ነው፤ መረቀ። ሰውየው ‹ምረቃ› ብሎ ስሙን ቢጽፍ እኔ ምን አገባኝ። ስሙን ጥሎ ግሱን ጻፈ። ግስ ደግሞ የእኔ ነው።»

ሰብሳቢው ራሳቸውን አከኩ። «የኔታ፣ አንቱ ሰምና ወርቅ ለምደዋል። እነዚህ ሰዎች ሰሙን ብቻ ነው የሚያውቁ።»

«በሰሙም ይመረቃል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እመርቀዋለሁ፤ ቁልፍህን ይዘህ ና።»

«ቢጠይቁኝስ?»

«ተመረቀ ወይ ቢሉህ ምን ትላለህ?»

«ተመረቀ እላለሁ።»

«ዋሸህ?»

 «አልዋሸሁም» አሉ ሰብሳቢው፣ ቅር እያላቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከነነጠላው ወደ ፓምፑ ወረደ። የመጣሁበት የስብሰባ ዓለም ቢሆን ለዚህ ድንኳን፣ ድምፅ ማጉያና የፕሮግራም መሪ ያስፈልግ ነበር። የኔታ በአንድ ተማሪያቸው ትከሻ ተደግፈው አጥሩ ፊት ቆሙና ጀመሩ።

«ይኸን ውሃ የጠጣ አይታመም።»

«አሜን» አለ ሕዝቡ።

«ያበጁት ልጆች እጃቸው አይዛል።»

«አሜን።»

«ከትምህርቷ የቀረችውን ወደ ትምህርቷ ይመልሳት።»

«አሜን።»

«የቆለፈውንም ልቡን ይክፈትለት።»

ይኸኛው አሜን ከሁሉም በለጠ፤ ሳቅም ነበረበት። የኔታ ግን አልሳቁም።

ሰብሳቢው ቁልፉን ከአንገታቸው ሳይፈቱ፣ ጎንበስ ብለው ከፈቱት። በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት አሮጊት ቀድመው እንዲቀዱ ተደረገ፤ ልጅቱ የፓምፑን ክንድ ይዛ ትገፋላቸው ጀመር። ፓምፑ አፉን ከፍቶ ነፋስ ተነፈሰ። ገፋች፤ ነፋስ ነው። ደግማ ገፋች፤ ነፋስ ነው። ከኋላ አንድ ሰው «መርቀው ጨረሱት» ሲል ሰማሁ። ልጅቱ ወደ ማንም አልዞረችም። ክንዷ እስኪንቀጠቀጥ ገፋች። ብዙ የቆመ ፓምፕ ጎማው ይደርቃል፤ ለአንድ ሰው በጆሮው ነግራ ከወንዝ የተቀዳ ግማሽ ጀሪካን ውሃ አስመጣች፤ በላዩ አስገለበጠችበት፤ እንደገና ገፋች። መጀመሪያ ዝገት የያዘ ቀይ ውሃ መጣ፤ ከዚያ ደፈረሰ፤ ከዚያ ጠራ። አሮጊቷ በእፍኛቸው ቀምሰው «ቀዝቃዛ ነው» አሉ። ሌላ ንግግር አልተደረገም።

ሰብሳቢው ግን አላረፉም። ወደ እኔ መጡ።

«አንቱ ጸሐፊ አይደሉ? ተመረቀ ብለው ይጻፉልኝ። ወረቀት ያጠመደኝን ወረቀት ያስፈታኝ።»

የእኛ ሙያ አድራጊውን የሚደብቅ ግስ ይወዳል፤ ተገለጸ፣ ተባለ፣ ተመለከተ። ማን ገለጸ፣ ማን አለ ብሎ የሚጠይቅ አለቃ ብዙ አላጋጠመኝም። በዚህ ግስ ተጠልሎ ስንት ሰነፍ ዜና እንደወጣ ስለማውቅ ስንቀው ኖሬያለሁ። የዚያን እሑድ ግን ዓይኔ እያየ ተጠቀምሁበት። የጁቤ ተመልሼ አጭር ዜና ጻፍሁ፤ በአንድ ትምህርት ቤት ክበብ አባላትና በወረዳው ባለሙያ የተጠገነ፣ ውሃው ተመርምሮ ለመጠጥ እንደሚሆን የተረጋገጠ የእጅ ፓምፕ፣ የአካባቢው ኅብረተሰብ በተገኘበት ተመርቆ አገልግሎት መስጠት ጀመረ። እያንዳንዱን ቃል መዘንሁት። ሐሰት የለበትም። ሰኞ ጠዋት በሬዲዮ ተነበበ።

ሰኞ ከቀትር በፊት ስልኬ ጮኸ። አስተባባሪው ነበር።

«ጋሼ፣ ማነው የመረቀው?»

«የአካባቢው ሽማግሌ።»

«እሱ እኮ ምርቃት ነው። ምረቃ አይደለም።»

«ያስፈረማችሁት ወረቀት ምን ይላል?»

ወረቀት ሲገላበጥ ሰማሁ። «ሳይመረቅ ይላል» አለ።

«እንግዲህ።»

«ማስተባበያ ያውጡልን፣ ጋሼ።»

«ምኑን ላስተባብል? ውሃ አልወጣም ልበል?»

ዘጋው። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ደወልሁ። ርእሰ መምህሩ ልጅቱ ጠዋት መግባቷን፣ ስሟም እንዳለ መሆኑን ነገረኝ። ሁለቱንም ጻፍሁ።

ነገሩን ከዚህ በላይ ላሳምረው አልፈልግም። የታችኛው ጎጥ ጉድጓድ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልተቆፈረም። ድርጅቱ ምክንያቱ የበጀት ዘመን ነው ይላል፤ ሰብሳቢው ጥፋቱን በእኔ ዜና ላይ ያደርጋሉ፤ እኔ ማስረጃ ስለሌለኝ ለማንኛቸውም አልፈርድም። የታችኛው ጎጥ ሴቶች አሁን ወደ ላይኛው እየመጡ ይቀዳሉ። ሰልፉ ረዝሟል፤ በሰልፉም መጣላት አለ። ሰብሳቢውን ስንገናኝ ሰላምታ ይሰጡኛል እንጂ ግቡ አይሉኝም።

እንግዶቹ ከፋሲካ በኋላ በሥራ ቀን መጡ። ይህን ያህል የተጠበቀውን ምረቃ ለማየት ሄድሁ። ለአንድ ጠዋት ቁልፉ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ በላዩ ላይ ሰማያዊ ሪባን ታስሯል፤ ድንኳን ተተክሏል። አስተባባሪው ከሴቶቹ መሐል የልጅቱን እናት ፈልጎ አገኛቸው። እናትዋ አሁን በምርኩዝ ይሄዳሉ።

«እናቴ፣ ልጅዎ የታለች? ንግግሯ ተዘጋጅቷል» አላቸው።

«ትምህርት ቤት ናት።»

«ለዛሬ ብቻ ብትቀር ምን አለበት? ዓለም ሊያያት ነው እኮ።»

«ለውሃው ብላ ቀርታ ነበር» አሉ። «ለሪባን አትቀርም።»

አስተባባሪው ወደ መኪኖቹ ሄደና ከከተማ ይዟቸው ከመጣ ወጣቶች መሐል አንዲት ቆንጆ ልጅ ይዞ ተመለሰ። ካናቴራ ለብሳለች፤ ወረቀቱ በእጇ ነው። ሪባኑ ተቆረጠ፤ የከተማዋ ልጅ ማይክራፎኑን ይዛ «እኔ የዚህች መንደር ልጅ ነኝ፤ ውሃ ስቀዳ ከትምህርቴ ቀርቼ ነበር» ብላ አነበበች። አስተርጓሚው አስተረጎመ። ከእንግዶቹ አንዷ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች።

ከእናትየዋ አጠገብ የቆመች ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ ጠጋ አድርጋ «ይህች ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለቻቸው።

«እንጃ» አሉ እናትዋ። «የእኔዋ ሒሳብ እየተፈተነች ነው።»